ቁጥሩ ወረደ ተብሎ መድኃኒት አይቆምም

እህቴ፣ «አባቴ 58 ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አሁን ኮሌስትሮሉ ስለወረደ መድኃኒቱን ቢያቆም ምን አለበት?» ብለሽ የጠየቅሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ልክ እንደ አባትሽ ነበርኩ። በእናትሽ እንዳያቆሙ!

1. ቅጥነት ዋስትና አይደለም። ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው የገዛ ጉበታችን ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ቀጭን ነኝ፣ ጾም አላጎድልም፣ ቅባት ቢባል ቅዳሜ ቅዳሜ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ነው። «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚሉት ኤልዲኤሌ ግን 168 ነበር።

2. የውጤት ወረቀት ከእጃችሁ አይውጣ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። አቶርቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት እየወሰድኩ ቁጥሩ 92 ደረሰ። ለክትትል የሄድኩበት ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ካርድህ የለም፣ አዲስ አውጣ» ብሎ መስኮቱን ዘጋብኝ። በአባቱ ዕድሜ ነኝ፣ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። አዲሱ ካርድ ላይ ስለ መድኃኒቱ የተጻፈ የለም። ሐኪሟ 92ን አይታ «ደህና ነዎት» አለችኝ፤ እኔም እየወሰድኩ መሆኔን ሳልነግራት ወጣሁ። ቤት ገብቼ ተውኩት። በሰባተኛው ወር የባሕር ዳሩን የቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ፤ ላብ አጠመቀኝ፣ ግራ ክንዴ ዛለ። በባጃጁ ያደረሰኝን ልጅ እግዜር ይስጠው። አዲስ አበባ ተልኬ የጠበበ የልብ ደም ሥር የሚከፍት ስቴንት የሚሉት የሽቦ ቱቦ ገባልኝ፤ ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩት ብርም እዚያው አለቀ።

ያከመኝ ሐኪም በማዘዣ ወረቀት ጀርባ የደም ሥር ሥሎ አስረዳኝ። ኮሌስትሮል የሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ሊያጸዱ መጥተው ይውጡታል። የዋጡትን ኮሌስትሮል ወደ ጉበት ለሚመልሰው ተሸካሚ፣ ለኤችዲኤል፣ ማስረከብ ነበረባቸው፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን የማራገፍ አቅማቸው ይደክማል። ጠግበው አረፋ መስለው እዚያው ይቀራሉ፣ ብግነት ይቀሰቅሳሉ፣ ሲሞቱም ሆዳቸው ያለው ስብ ግድግዳው ውስጥ ይከማቻል። ለእኔ የታየኝ የጣና የደንገል ታንኳ ነው። ከዘጌ እንጨት አራግፎ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ውኃ ጠጥቶ ይከብድና ሸክም የሚያነሣው ታንኳ ራሱ ሸክም ይሆናል። መድኃኒቱ ለነዚያ ሴሎች የሚመጣውን ጭነት ይቀንስላቸዋል። ሲቆም ጭነቱ ይመለሳል፤ የእኔም ሲለካ 171 ሆኖ ተገኘ። ያ 92 የመድኃኒቱ ቁጥር ነበር፣ የእኔ አልነበረም።

3. «የፈረንጅ ኬሚካል ነው፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይበቃል» የሚልሽን አትስሚ። የነዚህ ስታቲን የሚባሉ መድኃኒቶች መነሻ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያገኘው ነው። አባትሽ ሲወስዱት ጡንቻ ካመማቸው ለሐኪም ይናገሩ፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። እኔ ዛሬ 66 ላይ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ በእግሬ እሄዳለሁ።

ለቀጠሮ ስትሄዱ የመድኃኒቱን እሽግ ራሱን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ። ሐኪሙ ከቁጥሩ በፊት እሱን ይይ።