የተረት ዓለም ልደት በቤት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ልጆች ዩኒኮርን፣ ዘንዶ፣ አስማትና ቤተ መንግሥት ያለበት ልደት ይፈልጋሉ። ወላጅ ደግሞ ኪሱን ይዳስሳል። ሥራዬ ኬክ መጋገርና የልጆች ድግስ ማሰናዳት ነው። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ነኝ፣ እንደልባችሁ ጠይቁ። ዋጋ ብቻ አትጠይቁኝ፤ ሰኞ የነገርኳችሁ ማክሰኞ አይሠራም።

ጥያቄ (የመንታ እናት፣ አዲስ አበባ)፦ መንታዎቼ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሴቷ ዩኒኮርን፣ ወንዱ ዘንዶ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብለዋል። ብዙ ብር የለኝም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ሁለቱን አታጋጪያቸው፣ አንድ ተረት ውስጥ አስገቢያቸው። ዘንዶው የዩኒኮርኗን ቀንድ ደብቋል፣ ልጆቹ ይፈልጋሉ፣ በቃ። ብርሽን ፊኛና መጋረጃ ላይ አትጨርሺ። ልጅ ግድግዳ አያይም። ልጅ አፉን ከፍቶ የሚቀረው አንድ ነገር ዓይኑ እያየ ሲለወጥ ነው። ስለዚህ የሚለወጥ ነገር አዘጋጂለት። የእኔ ምርጫ ቀለሙን የሚቀይር መጠጥ ነው።

ቀይ ጥቅል ጎመን ግዢ። ግማሹን አድቅቀሽ ክተፊው። የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ሩብ ሰዓት ያህል ተዪው፣ ከዚያ አጥልዪው። ደማቅ ሐምራዊ ውሃ ይወጣልሻል። ፍሪጅ ውስጥ በደንብ ይቀዝቅዝ። በየብርጭቆው ሁለት ጣት ያህል ቅጂ። ስፕራይቱን ግን አንቺ አትጨምሪ፣ ልጁ ራሱ ይጨምር። ሐምራዊው እዚያው ሮዝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጩኸቱን ቻዪው።

ምስጢሩ ቀላል ነው። የጎመኑ ቀለም አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ ስፕራይት ውስጥ ደግሞ ሲትሪክ አሲድ አለ። ሎሚም ያንኑ ያደርጋል። ቤኪንግ ሶዳ ከነካው በተቃራኒው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሶዳው ሲበዛ አረንጓዴ። አንድ ሁለት ብርጭቆ ለማሳያ በሶዳ ቀይሪላቸው፤ እሱ ግን አይጠጣም።

ጥያቄ፦ ጎመን ጎመን አይሸትም?

መልስ፦ እሳት ላይ ጥደሽ ከቀቀልሽው ይሸታል። የፈላ ውሃ ብቻ አፍስሺበት ያልኩት ለዚያ ነው። ልጅሽ አፍንጫው ስል ከሆነ ሌላ መላ አለ። የጎመኑ ውሃ ላይ በቢላ ጫፍ የምትነሣ ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጊ፣ ሰማያዊ ሲሆን በበረዶ መሥሪያው አስገቢው። ሰማያዊውን በረዶ ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ጣይለት። በረዶው ሲቀልጥ ሮዝ ክር እየለቀቀ ይወርዳል። ጣዕሙ ሎሚ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ልደት አዘጋጅ አክስት)፦ ሁሉም ነገር ስኳር ሆነብኝ። ጨው ያለው ምን ላቅርብ?

መልስ፦ የዘንዶ እንቁላል! ይህን እወደዋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

እንቁላሉን ጠንከር አድርገሽ ቀቅዪ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፈላ በኋላ 14 ወይም 15 ደቂቃ ስጪው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዪው። አሁን እንዳትልጪው! በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን መታ መታ አድርጊ። ቅርፊቱ ይሰንጠቅ እንጂ አይርገፍ።

ሦስት ጎድጓዳ ሳህን አዘጋጂ። አንዱ ላይ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ፣ አንዱ ላይ በሙቅ ውሃ የተበጠበጠ እርድ፣ ሦስተኛው ላይ ከመጠጡ የተረፈው የጎመን ውሃ። እንቁላሎቹ እዚያ ውስጥ ፍሪጅ ይደሩ። በማግስቱ ሲላጡ ቀለሙ በየስንጥቁ ገብቶ ነጩ ላይ መረብ ሠርቶ ታገኚዋለሽ፣ ልክ የዘንዶ ቆዳ። ከቀይ ሥሩ ሮዝ፣ ከእርዱ ቢጫ ይወጣል። ሐምራዊው ጎመን ግን እንቁላሉ ላይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። የእንቁላል ነጭ ልክ እንደ ሶዳው የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ነው።

ልጆቹ ራሳቸው ይላጡ፣ ደስታው እዚያ ጋ ነው። ፈንዲሻውን ጎጆ አድርገሽ እንቁላሎቹን ከነቅርፊታቸው መሃሉ ላይ አስቀምጪ። ዳቦ ቆሎ ካለሽ የዘንዶ ጥርስ ብለሽ አጠገቡ አድርጊ፣ በርበሬ ግን ይቅርበት። እንቁላሉ ከፍሪጅ ከወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ እያለሁ ኬኬ ጉብ ይል ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ይነፋና መሃሉ ዝርግፍ ይላል። ዱቄቱ ነው?

መልስ፦ ዱቄቱን አትውቀሺው፣ ከፍታው ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ኬኩ ሳይበስል ቶሎ ይነፋል፣ ከዚያ የሚይዘው ያጣና ይወርዳል። የድሮውን አሠራርሽን አትጣይው፣ አስተካክዪው። ቤኪንግ ፓውደሩን በየሻይ ማንኪያው ሩብ ቀንሺ። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ አንሺ። ለእያንዳንዱ ኩባያ ወተት ወይም ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ። ኦቨኑን በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጊና ቀድመሽ ማየት ጀምሪ። መብራት ሊጠፋ ይችላል ብለሽ ከሠጋሽ ኬኩን ከዋዜማው ጋግሪው፤ ሲያድር መቁረጡም ይቀላል።

ጥያቄ፦ የቤተ መንግሥት ኬክ ቅርጽ የት ይሸጣል?

መልስ፦ ምን አስፈለገሽ? ጎንደር አለልሽ አይደል! የዐፄ ፋሲል ግንብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል፣ ለጋጋሪ ደግሞ ከእሱ የቀለለ ንድፍ አላውቅም። ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ነው። በየማዕዘኑ ክብ ማማ፣ በየማማው አናት ጉልላት።

ሁለት ባለ አራት ማዕዘን ኬክ ደራርቢ። ከኬክ ቤት አራት ሮል ኬክ ግዢና በየማዕዘኑ አቁሚ። እንዳይወድቁ እንጨት ሰካ አድርጊባቸው፤ ኬኩን ከመቁረጥሽ በፊት ግን ቆጥረሽ አውጪው። ጉልላቱ ትንንሽ ቦምቦሊኖ ነው። ቀልዴን አይደለም፣ ልክክ ይላል። ክሬሙ ላይ ጠቆር ያለ ቡና ጠብ አድርጊበት፣ የድንጋዩን ቀለም ይሰጥሻል። ሳይደርቅ በስቴኪኒ የድንጋይ መስመር ጫሪበት። ጣራው ጠርዝ ላይ ኩብ ስኳር እያፈራረቅሽ ደርድሪ። በሩ አንድ ብስኩት ነው። ትንሽ ዘመም ካለም ችግር የለውም፣ የድሮ ግንብ ነው ይባላል።

ጥያቄ፦ ልደቱ ጾም ላይ ዋለ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ይመጣሉ። ሁሉም የሚበላው ምን አለ?

መልስ፦ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ የሚነሣ የካካዎ ኬክ አለ። አንድ ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ ከአንድ ኩባያ ጎደል ያለ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሦስት ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቁንጥር ጨው አደባልቂ። ሌላ ዕቃ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጭማሪ ጋር፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ አቀላቅዪ። ሁለቱን አገናኚና ወዲያው ኦቨን ውስጥ አስገቢ። አቼቶውና ሶዳው እንደተገናኙ አየር መሥራት ስለሚጀምሩ ቆሞ አይጠብቅም። በ190 ዲግሪ 30 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የአቼቶው ሽታ ይጠፋል። ልኩ ለአዲስ አበባ ነው።

ማርሽማሎውና ጄሊ ከረሜላ ላይ ተጠንቀቂ። ጄላቲን አለባቸው፣ ጄላቲን ከእንስሳ ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። ሐላል የሚል ከሌለበት ለጎረቤቶችሽ ልጆች አትስጪ። ሐላል ቢሆንም ለጾም አይሆንም።

ጥያቄ (አያት፣ ደሴ)፦ ለልጅ ልጄ ልደት ተረት እንድነግር ተመድቤያለሁ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተተክለው ማን ይሰማኛል?

መልስ፦ አባባ፣ እርስዎ ተራኪ ብቻ አይሁኑ፣ የቤተ መንግሥቱ በር ጠባቂ ይሁኑ። ጋቢዎን ደርበው፣ ከዘራዎን ይዘው በሩ ላይ ይቀመጡ። ማንም ልጅ እንቆቅልሽ ሳይመልስ አይገባም። «እንቆቅልሽ!» ይበሉ፣ «ምን አውቅልህ!» ይበሉ እነሱም። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ ያለ ይለፍ። ያላወቀ አገር ይስጥ። የዛሬ ልጆች ወሎ ወይም ጎጃም አይሰጡዎትም፣ ዱባይን ነው የሚሰጡት። ይቀበሉ! ዱባይ ሄደው ምን እንደበሉ፣ ማንን እንደሾሙ ይንገሯቸው። ስልኩ ያኔ ይቀመጣል።

ተረቱን ከአሥር ደቂቃ አያሳልፉት። ጅቡ በሩን ሲያንኳኳ ያቁሙና «ማን ይክፈት?» ብለው ይጠይቁ። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ አይደል? እውነተኛ ድፎ ዳቦ አዘጋጅተው ይቁረሱ። ልጆቹ እርስዎን ያጉርሱ፣ እርስዎም እነሱን። ከኬኩ በፊት ሆዳቸው ምግብ ያገኛል።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ የእኔዎቹ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። የትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ደግሞ ምንም አያውቁም።

መልስ፦ እንቆቅልሹን በዕቃ አድርጊው። ከጨርቅ ሥር እንቁላል ደብቀሽ «በር የሌለው ነጭ ቤት» በይ፣ በእንግሊዝኛም ድገሚላቸው። ሁሉም ልጅ «ምን አውቅልሽ» ማለት በአንድ ጊዜ ይለምዳል፣ ይጮሁበታል። ለወላጆቹ ግን ስለ አለርጂ አስቀድመሽ ጻፊ። ቆሎ ላይ ኦቾሎኒ ካለ ከሩቁ ይቅር። ሰሊጥም አለ። እዚያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሊጥ ማሸጊያ ላይ መጠቀስ ካለባቸው 9 ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ነው።

ጥያቄ (ዱባይ)፦ ክሬሙ ቀለጠብኝ።

መልስ፦ ቅቤ 30ዎቹ ዲግሪዎች መጀመሪያ ላይ ይቀልጣል፣ የእናንተ ሙቀት አይቻልም። ኬኩ ኤሲ ካለበት ክፍል አይውጣ። መኪና ውስጥም ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ አስቀምጪው። ወይም ክሬሙን ተዪና ዱቄት ስኳር ብቻ ነስንሺበት፣ በረዶ የጣለበት ቤተ መንግሥት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። «ተረት የሕፃን ነው» አለኝ። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! በአክሱም ትውፊት አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡን ያስገብር ነበር፣ አጋቦስ የሚባል ሰው ገደለው ይባላል። ይህን ንገሪውና ሕፃን ነው ይበልሽ። ከዚያ ሥራ ስጫቸው። ከአርዌ የተላከ ባዶ ወረቀት ይደርሳቸዋል። ወረቀቱን ቀድመሽ በሎሚ ጭማቂ ጽፈሽ አድርቀሽዋል። ካውያ ስታሳርፊበት ጽሑፉ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል። ካውያውን አንቺ ያዢ። ወረቀቱ ቀጣዩ ምልክት የት እንዳለ ይናገራል።

የመጨረሻው ምልክት መርዝ መቀመሚያው ጋ ያደርሳቸዋል። በየኩባያው ቤኪንግ ሶዳ፣ ጠብታ ላርጎና የምግብ ቀለም አድርጊ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዢና አቼቶ ሞልተው ይርጩበት። አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ይህን ግቢ ውስጥ ወይም ትሪ ላይ አድርጊው፣ ምንጣፍሽን ከወደድሽ።

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ የሚጨሰውን ደረቅ በረዶ ለልደት ላምጣው?

መልስ፦ ይቅርብሽ። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ከተዋጠ ሆድ ዕቃ ይጎዳል። የሚወጣው ጋዝም በጠባብ ክፍል ውስጥ አየር ያሳጣል። አረፋው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ታናናሾችም ይመጣሉ፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸው።

መልስ፦ ለእነሱ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒና ድቡልቡል ከረሜላ አይሰጥም፣ ያንቃል። ወይን ካለ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ዓመት ላልሞላው ማር ፈጽሞ አይነካም። ፊት ላይ የሚቀባው ለፊት ተብሎ የተሠራ ቀለም ብቻ ይሁን፣ ማርከርና የሥዕል ቀለም አይሆንም። ብልጭልጩም «የሚበላ» ካልተባለ ኬክ ላይ አይነስነስ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰዓት ይፍጅ?

መልስ፦ ሁለት ሰዓት። ከ8 እስከ 10 ብለሽ ጥሪ፣ 8 ተኩል ላይ ይመጣሉ። መጀመሪያ እንቆቅልሹ፣ ከዚያ ፍለጋው፣ ከዚያ መጠጡ፣ ኬኩ መጨረሻ። የከረሜላውን ከረጢት በሩ ላይ ጫማቸውን ካሠሩ በኋላ ስጫቸው፤ ቀድመሽ ከሰጠሽ ጫማ የሚያደርግልሽ የለም።