መልስ፦ የፓርኪንሰን መድኃኒትና የማስታወክ መርፌ

እህቴ፣ አብሽሪ። አባትሽ ለፓርኪንሰን ሌቮዶፓ ካርቢዶፓ እየወሰዱ ማስታወኩን እንዲያስቆምላቸው ፕላሲል ታዘዘላቸው፣ "ችግር አለው ወይ?" ነው ያልሽው። አዎ፣ አለው። ፓርኪንሰን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያስተካክል ኬሚካል ሲያንስ የሚመጣ በሽታ ነው። ሌቮዶፓ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል፤ ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ደግሞ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው በር ይዘጋል።

እኛም ቤት ደርሷል። ደሴ ያሉት አጎቴ ሁለት ቀን ፕላሲል ተወግተው በሦስተኛው ቀን የቡናውን ስኒ ከረከቦቱ ማንሳት አቃታቸው፤ ጣታቸው ስኒው ላይ እንደተገተረ ቀረ። እኛ በሽታው ባሰባቸው ብለን ዱዓ ላይ ነን! መርፌው ሲቆም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ለመረበሽ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም ያው ነው። ለማስታወኩ ዶምፔሪዶን የሚባለው መድኃኒት ወደ አንጎል እምብዛም ስለማይገባ ይሻላል፤ ግን የልብ ምት ሊያዛባ ስለሚችል ልብ የሚያማቸው ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። ደግሞ ማስታወኩ ከራሱ ከሌቮዶፓው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጠኑን ማስተካከል ብቻ ይበቃ ይሆናል።

አደራ፣ ሌቮዶፓውን በራስሽ እንዳታቆሚ። በድንገት ሲቋረጥ ከባድ ትኩሳት፣ መገተርና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ያ ከመጣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ነገ ጠዋት የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ላዘዘው ሐኪም አሳዪ። ጫት የሚቅሙ ከሆነም አትደብቂ፤ እሱም ዶፓሚን ይነካካል።