ስለ ሲኒማቶግራፈርነት ለጠየቃችሁኝ፣ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ በካሜራ የምተዳደር ሴት ነኝ። ፊልም፣ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ማስታወቂያ እቀርጻለሁ። ስለ ሙያው ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ሲኒማቶግራፈርና ካሜራማን አንድ አይደሉም እንዴ?
እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሁለቱንም ይሠራል። ሥራው ግን ይለያል። ሲኒማቶግራፈሯ ስክሪፕቱን አንብባ፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ተመካክራ ምስሉ ምን እንደሚመስል ትወስናለች። መብራቱ ከየት ይምጣ? የትኛው ሌንስ ይሁን? ካሜራው ይንቀሳቀስ ወይስ ይቁም? ካሜራውን ራሷ ላትይዘው ትችላለች፤ ለምስሉ የምትጠየቀው ግን እሷ ናት።

ቤተሰቦቼ "የወንድ ሥራ ነው፣ ይከብድሻል" ይሉኛል። ምን ልበላቸው?
እህቴ፣ አሁን የምንቀርጽባቸው ትንንሽ ካሜራዎች ብዙዎቹ ከነሌንሳቸው ሁለት ኪሎ አይሞሉም። ሴቶችን ያራቀው ክብደት ሳይሆን አለመታመን ነው። ብሪያን መርፊ በትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልም ላይ የሲኒማቶግራፈርነቱን ኃላፊነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1980 ነበር። አብዛኛውን ዕድሜዋን የሠራችው ለቴሌቪዥን ነው። በሲኒማቶግራፊ ለኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት ደግሞ ሬቸል ሞሪሰን ናት፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ90ኛው ሽልማት! ከእኛው ቤት ጄሲካ በሺርን ንገሪያቸው። ሐረር ያደገች ናት፤ "ፋያ ዳዪ" የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ዳይሬክት ብቻ አላደረገችም፣ ራሷ ቀርጻዋለች። ብትችሉ አብራችሁ እዩት።

ሰርግ መቅረጽ ለፊልም ይጠቅማል?
በጣም! ሰርግ ላይ "ይደገም" የለም። ፈጣን ያደርግሻል። ካሜራውን ግን ብርሃኑን በራሱ እንዲወስን በአውቶ አትተዪው። ነጩን ቀሚስ አይቶ ምስሉን ያጨልመዋል፣ የሙሽራዋ ፊት ይጠፋል። ብርሃኑን ለፊቷ አስተካክይ፣ ነጩም ብርሃን በዝቶበት እንዳይቃጠል ተጠንቀቂ። ሁለቱ ካልታረቁ በአንድ ጎኗ ብርሃን ወደ ፊቷ የሚመልስ ነጭ ፎም አስይዢ።

ሐይቁ ዳር ስቀርጽ ፊት ይጠቁርብኛል። ለምን?
ይሄን ጥያቄ ወደድኩት፤ የሙያው ልብ እዚህ ነውና። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ናት። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከከተማው በኩል መጥታ ሐይቁን ፊት ለፊት ታበራዋለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ትዞራለች። ያን ጊዜ ውኃውን ከኋላ አድርገሽ ሰው ከቀረጽሽ፣ ፀሐይ ከጀርባው ትሆንና ፊቱ ይጠቁራል። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አጥማጆቹን መቅረጽ ከፈለግሽ ጠዋት 1 ሰዓት ድረሺ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ ሽቅብ ትሮጣለች፤ ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል። 6 ሰዓት ላይ አናት ላይ ትወጣና ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች። ያኔ ወይ ዛፍ ጥላ ግቢ፣ ወይ ከተዋናዩ በላይ አቡጀዲ ወጥሪ። ውድ ዕቃ ከመግዛትሽ በፊት አቡጀዲ ግዢ፤ ከልቤ ነው።

ካፌ ውስጥ መብራቱ ይርገበገብብኛል።
የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሸተርሽን፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጊ። አብዛኛው ይጠፋል።

ፊልም ይሻላል ወይስ ቴሌቪዥን?
ለመማር ቴሌቪዥን። በአንድ ቀን ብዙ ትዕይንት ይቀረጻል፤ ዛሬ የጀመርሽው ሳሎን ከሳምንት በኋላም ያንኑ መምሰል አለበት። ፊልም ላይ ለማሰብ ጊዜ አለ፣ ሥራው ግን ይቆራረጣል።

ውል ላይ ምን ላስጽፍ?
ክፍያው መቼ መቼ እንደሚለቀቅ፣ ስምሽ ከፊልሙ ጋር በምን ሙያ እንደሚጻፍ፣ ማታ ከተቀረጸ ማን ቤትሽ እንደሚያደርስሽ። የመጨረሻውን "እናደርስሻለን" ብለው በቃል ያልፉታል። አትቀበዪ፣ ይጻፍ።

ከአዳማ ነኝ፤ ረዳት አድርገሽ ትወስጂኛለሽ?
ሥራሽን ልየው። አንድ ሰው መስኮት አጠገብ አስቀምጪና ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ቅረጺው፤ ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ኤፌክት። ላኪልኝ፣ አይቼ እመልስልሻለሁ።