አድራሻው ተቀየረ፣ ገጹ ግን ንቅንቅ አላለም

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ሪአክት በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የዕቃ ማሳያ እየሠራሁ ነው። ዝርዝሩ ላይ አንዱን ስጫን ወደ /ፕሮዳክት/7 ይሄዳል፣ ዕቃውም ይታያል። እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ «ተመሳሳይ ዕቃዎች» የሚል አለኝ። ከእነሱ 8ን ስጫን ከላይ አድራሻው ወደ /ፕሮዳክት/8 ይቀየራል፣ የሚታየው ግን ያው 7 ነው። ሪፍሬሽ ሳደርገው 8 ይመጣል። ራውተሩን፣ አድራሻን ከገጽ ጋር የሚያገናኘውን ኮድ፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ሦስት ቀኔ ነው፣ ላብድ ነው። ወንድምህ።

መልስ፦ አትበድ። ራውተሩንም ተወው፣ እሱ ሥራውን ሠርቷል። ማስረጃው አንተው የጻፍከው ነው። ሪፍሬሽ ስታደርግ ትክክለኛው ዕቃ ከመጣ መንገዱ ልክ ነው፣ መለያው (አይዲው፣ አድራሻው መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር) ይነበባል፣ ሰርቨሩም ዕቃውን ይሰጣል ማለት ነው። የጎደለህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መለያው ሲቀየር ኮምፖነንትህን (ገጹን የሚሠራውን የኮድ ክፍል) «ተነስ፣ አዲስ ዳታ አምጣ» የሚለው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዝርዝሩ ወደ 7 ስትሄድ የዝርዝሩ ኮምፖነንት ይፈርስና የዕቃው አዲስ ይሠራል። አዲስ ስለሆነ ዩዝኢፌክቱ፣ ዳታ የሚያመጣው ኮድህ ያለበት፣ ይሮጣል። ከ7 ወደ 8 ስትሄድ ግን ሁለቱም /ፕሮዳክት/:አይዲ የሚለው አንድ ራውት (የአድራሻ መስመር) ውስጥ ናቸው፤ :አይዲ የሚቀያየረው ቁጥር ቦታ ነው። ሪአክት ሲያየው ቦታውም ያው፣ ኮምፖነንቱም ያው ነው፤ ታዲያ ምን ብሎ ያፈርሰዋል? እንዳለ ይተወውና አዲሱን ፓራሜትር፣ ማለትም አይዲውን፣ ብቻ ያቀብለዋል። አንተ ደግሞ ከዩዝኢፌክቱ መጨረሻ ላይ ባዶ ካሬ ቅንፍ አስቀምጠሃል፣ ኮድህን ሳላይ እወራረዳለሁ። ባዶ ቅንፍ «ስትሠራ አንዴ ሩጥ፣ ከዚያ አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ነው። እሱም እንደታዘዘው አርፎ ተቀምጧል።

ቅንፉ ውስጥ አይዲን ጨምር። በቃ፣ 8 ይመጣል።

ግን እዚህ ላይ ላፕቶፕህን አትዝጋ፣ ከኋላ ሌላ ጉድ አለ። አንድ ሰው 7ን ተጭኖ ሳይመጣለት ቶሎ ብሎ 8ን ቢጫንስ? ሁለት ጥያቄ ወደ ሰርቨር ይወጣል። የ8 መልስ ቀድሞ ደረሰ እንበል፣ ገጹ 8ን ያሳያል። ከዚያ ተንቀርፍፎ የመጣው የ7 መልስ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። አድራሻው 8፣ ዕቃው 7፤ ዞረህ ዞረህ እዚያው። የሚያናድደው ይህኛው ሁልጊዜ አይከሰትም፤ አንተ ስትሞክረው ይሠራል፣ ተጠቃሚው ጋ ሲደርስ ይበላሻል። ለማየት ከፈለግክ የ7ን መልስ ብቻ ሆን ብለህ በሦስት ሰከንድ አዘግየውና ሁለቱን አከታትለህ ተጫን። መድኃኒቱ ዩዝኢፌክቱ የሚመልሰው የማጽጃ ፈንክሽን (ዳግም ከመሮጡ በፊት የሚጠራው) ነው። እዚያ ውስጥ በአቦርትኮንትሮለር፣ ጥያቄ በሚያቋርጠው የብሮውዘር መሣሪያ፣ የቀድሞውን ጥያቄ ሰርዘው። ስትሰርዘው ፌች (ጥያቄውን የላከው ፈንክሽን) ኤረር እንደሚወረውር አትርሳ፣ ለዚያ ኤረር ቀይ ጽሑፍ እንዳታሳይ። ተጠቃሚው ምንም አላጠፋም።

ሌላም አለ። 7 ላይ ብዛቱን 3 ብሎ የመረጠ ሰው ወደ 8 ሲሄድ ብዛቱ አሁንም 3 ሆኖ ይጠብቀዋል። ኮምፖነንቱ አልፈረሰማ! ዳታውን አድሰሃል፣ የቀረው ስቴት (ኮምፖነንቱ ይዞ የቆየው እሴት) ግን የድሮው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከበዛብህ እያንዳንዱን በእጅ ባዶ ከማድረግ ለኮምፖነንቱ ኪ (ሪአክት የሚለይበት ምልክት) ስጠውና ኪው አይዲው ይሁን። ኪው ሲቀየር ሪአክት አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ኪውን የምትሰጠው ግን ከውጭ ነው፤ አይዲውን የሚያነብ አንድ ቀጭን ኮምፖነንት ይኑርህና እሱ ለውስጠኛው ይስጠው። እኔ ፎርም ያለበት ገጽ ከሆነ ዓይኔን ሳላሽ ኪን ነው የምጠቀመው። ለማንበብ ብቻ ለሆነ ገጽ ግን በየክሊኩ ሁሉንም ማፍረስ ትንሽ ይበዛል።

እንደ ሪአክት ባለው በቪው ለምትሠሩም ታሪኩ አንድ ነው፤ ፓራሜትሩ ብቻ ሲቀየር ማውንትድ (ኮምፖነንቱ ሲሠራ አንዴ የሚሮጠው) ዳግም አይጠራም፣ ስለዚህ ፓራሜትሩን በዎች፣ ለውጥን በሚጠብቀው፣ ተከታተሉት። ሌላው መሣሪያ አንጉላር ላይ ደግሞ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ስናፕሾት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፣ አንዴ የተነሳ ፎቶ ነው። ፓራምማፕን፣ የፓራሜትሮቹን ፍሰት፣ ሰብስክራይብ ስታደርጉ (ስትከታተሉ) ለውጡ ይደርሳችኋል።

ጥያቄ፦ ዕቃዎቹን በሙሉ አንዴ አምጥቼ በአሬይ (በኮድ ዝርዝር) ይዣቸዋለሁ። አይዲውን ከአድራሻው አነብና በፋይንድ እፈልጋለሁ፣ ግን ሁሌም «ዕቃው አልተገኘም» ነው የሚለኝ። ኮንሶል (የብሮውዘሩ መልእክት ማሳያ) ላይ ሳትመው 7 ይላል፣ አሬዩ ውስጥም 7 አለ። በዓይኔ እያየሁት የለም ይለኛል! ጀማሪዋ አንባቢህ።

መልስ፦ አይዞሽ፣ ይህ ያልሸወደው ሰው የለም። ከአድራሻ የሚመጣ ነገር ሁሉ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው። አሬይሽ ውስጥ ያለው ደግሞ ነምበር (ቁጥር) ነው። በሦስት እኩል ምልክት፣ በ===፣ ስታወዳድሪያቸው ዓይነታቸው ስለሚለያይ አይገናኙም። አይዲውን ወደ ነምበር ቀይሪው፣ ይገኛል። አይዲዎቹ 007 ዓይነት ከሆኑ ወይም ፊደል ካላቸው ግን ወደ ነምበር አትቀይሪ፤ 007 ቀልጦ 7 ይሆናል፣ ፊደል ያለውም ናን («ቁጥር አይደለም») ይሆንብሻል። ያኔ የአሬዩን ወደ ስትሪንግ ቀይሪ።

አንድ ቀን ኮንሶሉ 7 ሳይሆን አንዲፋይንድ («እሴት የለውም») ካለሽ ደግሞ ስሙን እዪ። ራውቱ ላይ :ፕሮዳክትአይዲ ብለሽ ጽፈሽ ኮምፖነንቱ ውስጥ አይዲ እያልሽ ብትጠሪው ማንም አይሰማሽም፣ ኤረርም የለም። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ማታ አቃጥያለሁ። መጨረሻ ላይ የእኔ የሁለቱ ስሞች ልዩነት አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አንዱን እሴት አላትምም፣ ዩዝፓራምስ፣ ፓራሜትሮቹን የሚያነብልሽ፣ የሚሰጠውን ኦብጀክት እንዳለ ነው የማትመው። ስሙ ምን እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ እኛ ሦስት ሆነን እየሠራን ነው። በየኮምፒውተራችን ሁሉም ይሠራል። ሰርቨር ላይ ስንጭነው ግን /ፕሮዳክት/7 ላይ ሪፍሬሽ ሲደረግ 404 («አልተገኘም») አለን። ሰርቨሩን «የማታገኘው ፋይል ከሆነ ኢንዴክስ ኤችቲኤምኤልን (ዋናውን ገጽ) መልስ» ብለን አስተካከልነው። አሁን 404ው ጠፋ፣ በምትኩ ነጭ ገጽ መጣ። ኮንሶሉ ላይ «አንኤክስፔክትድ ቶክን <» ይላል። የሚገርመው /አባውት ላይ ሪፍሬሽ ብናደርግ ደህና ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያውን በትክክል ፈታችሁት። ሊንክ ስትጫኑ መንገዱን የሚያውቀው ብሮውዘሩ ውስጥ ያለው ራውተር ነው፣ ሪፍሬሽ ስታደርጉ ግን ጥያቄው በቀጥታ ሰርቨሩ ጋ ይሄዳል፣ ሰርቨሩም ፕሮዳክት የሚባል ፎልደር ውስጥ 7 የሚባል ፋይል ፈልጎ ያጣል። በየኮምፒውተራችሁ ያልታየው የልማት ሰርቨሩ (ስትሠሩ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሮጠው) ይህን ስለሚሸፍንላችሁ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚሁ ከመፍትሔው የተወለደ ነው። ነጩ ገጽ ላይ እያላችሁ ኔትወርክ የሚለውን ትር ክፈቱና የጃቫስክሪፕት ፋይሉን መልስ ተመልከቱ። ውስጡ ኮድ የለም፣ ኤችቲኤምኤል ነው። ያ «<» የኤችቲኤምኤሉ የመጀመሪያ ምልክት ናት። ኢንዴክሱ ውስጥ የፋይሉ መንገድ በነጥብ ይጀምራል፣ ማለትም «አሁን ካለሁበት ፎልደር» ይላል። /አባውት ላይ ስትሆኑ ያላችሁበት ዋናው ነው፣ ይገኛል። /ፕሮዳክት/7 ላይ ግን ብሮውዘሩ ፋይሉን /ፕሮዳክት/ ስር ይፈልገዋል። እዚያ የለም። ሰርቨራችሁ ደግሞ «የማታገኘው ከሆነ ኢንዴክሱን ስጥ» ተብሏልና ኢንዴክሱን ይሰጣል። ብሮውዘሩም ኤችቲኤምኤልን እንደ ጃቫስክሪፕት ሊያነብ ይሞክራል። ነጥቧን አጥፍታችሁ መንገዱን በስላሽ አስጀምሩት፣ ወይም ቤዝ ታጉን (መንገዶቹ ከየት እንደሚነሱ የሚናገረውን የኤችቲኤምኤል መስመር) / በሉት። ሳይታችሁ በንዑስ ፎልደር ውስጥ ከሆነ የዚያን ፎልደር ስም ስጡት። ቢልድ የሚያደርግላችሁ (ኮዱን ለሰርቨር የሚያዘጋጅላችሁ) መሣሪያ ሴቲንጉ ላይ ቤዝ የሚል አለው፣ በእጅ ከመነካካት እሱ ይሻላል።

አሁን ሰርቨሩ ለማንኛውም የተሳሳተ አድራሻ 200 («ደህና ነው») ነው የሚመልሰው። ስለዚህ «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን በኮከብ ራውት፣ ሌላ ራውት ያልገጠመውን አድራሻ ሁሉ በሚይዘው፣ እናንተው አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ /ፕሮዳክት/ኒው ብዬ አዲስ ዕቃ መመዝገቢያ ሠራሁ። ስከፍተው የዕቃው ዝርዝር ገጽ ይመጣና ኤረር ይላል። ለምን?

መልስ፦ ራውተርህ «ኒው»ን አይዲ አድርጎ ወስዶታል። ሰርቨሩን «ኒው የሚባለውን ዕቃ ስጠኝ» እያለው ነው። አንጉላር ላይ፣ በቆየው ሪአክት ራውተር 5 ስዊች (ራውቶቹን የያዘው) ውስጥም፣ ቀድሞ የገጠመው ነው የሚያሸንፈው፤ የኒውን መስመር ከ:አይዲው በላይ አውጣው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሪአክት ራውተር 6 ቋሚ ቃል ያለበትን መንገድ ራሱ ያስቀድማል። 6ን ይዘህ ይህ ከገጠመህ ቅደም ተከተሉን ተወውና የኒው ራውት ላይ የጻፍከውን ቃል ፊደል በፊደል እይ፣ ኮፒ ስታደርግ አንዲት ፊደል ጥለህ ይሆናል።