ለጅማ ማሳ የትኛው የኮምባይነር ማጨጃ ይሻላል፤ ባለ ኦገሩ ወይስ ባለ ቺንጊያው?

በጅማ ዞን ከኦሞ ናዳ ወረዳ አንድ አርሶ አደር የሚከተለውን ጠይቀውናል። «በኩታ ገጠም ስንዴ የምናመርት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ኮምባይነር ልንገዛ ነው። ሻጩ ሁለት ዓይነት የፊት ማጨጃ አቅርቦልናል፤ አንዱ የተለመደው ባለ ጥምዝ ብረት ኦገር ሲሆን ሌላው በቺንጊያ የሚሠራ ድሬፐር ነው። የድሬፐሩ ዋጋ በጣም ይበልጣል፤ ደላላው ግን የምርት ብክነትን ስለሚቀንስ ልዩነቱን በሁለት ዓመት ይመልሳል ይለናል። ከስንዴው ሌላ በቆሎ በብዛት፣ አኩሪ አተር ደግሞ በጥቂቱ እንዘራለን። የትኛውን እንውሰድ?»

የተከበሩ ጠያቂ፣ በገለጹት ሁኔታ ኦገሩን እንድትወስዱ እመክራለሁ። ድሬፐር መጥፎ መሣሪያ ስለሆነ አይደለም፤ በቦታው ሲውል ከኦገር የተሻለ ሥራ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚበልጥበት ምክንያት ከእናንተ ማሳ ጋር ብዙም ስለማይገናኝ፣ ለማታገኙት ጥቅም ገንዘብ እንዳትከፍሉ እሰጋለሁ።

የሁለቱ ልዩነት ሰብሉ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ማሽኑ አፍ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም ፊት ለፊት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ቢላዋ፣ እንዲሁም ሰብሉን ወደ ቢላዋው የሚያጎነብስ ሪል የሚባል ተሽከርካሪ አላቸው። በኦገሩ ላይ የተቆረጠው ስንዴ ከቢላዋው ጀርባ ባለው የብረት ወለል ላይ ይወድቅና ጥምዙ ብረት ከግራና ከቀኝ ወደ መሐል እየገፋ ይሰበስበዋል፤ ከዚያም መሐል ላይ ገባ ወጣ የሚሉት ጣቶች ይዘው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። በድሬፐሩ ላይ ግን ወለሉ ራሱ ተንቀሳቃሽ ነው። ሰፋፊ የጎማ ቺንጊያዎች ስንዴውን እንደተኛ ወደ መሐል ያመጡታል፤ የመሐሉ ቺንጊያም ተቀብሎ በአብዛኛው ዛላውን አስቀድሞ ወደ መውቂያው ይልከዋል።

የድሬፐር ብልጫ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኦገር ሰብሉን የሚያጓጉዘው እየገፋና እየጠቀለለ በመሆኑ አንዳንዴ ክምር ክምር አድርጎ ያስገባዋል። ጤዛው ሳይደርቅ ማጨድ በጀመረ ኮምባይነር አጠገብ ቆመው ቢያዳምጡ ይህንን በጆሮዎ ይሰሙታል፤ እርጥቡ አገዳ ጥምዙ ላይ ይጠቀለልና ሲበዛ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ የሞተሩ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ወፍሮ፣ ከመውቂያው ዱብ የሚል ድምፅ ከተሰማ በኋላ እንደገና ይቀላል። በዚያች ቅጽበት አንዳንዱ ዛላ ሳይወቃ ከገለባው ጋር ይወጣል። ሆኖም ይህ ችግር የሚብሰው ሰብሉ ረጅም መንገድ በሚገፋበት 9 ወይም 12 ሜትር ስፋት ባለው ማጨጃ ላይ ነው፤ በ3 ወይም በ4 ሜትር ማጨጃ ላይ ግን ጤዛው እስኪተን በመጠበቅ አብዛኛውን ማስቀረት ይቻላል። ድሬፐር በካናዳና በአውስትራሊያ ሰፋፊ ሜዳዎች የተወደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእናንተ ማሳ ግን ሌላ ነው። ኩታ ገጠም ቢሆንም በውስጡ ተዳፋት፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ዛፍና ጉቶ ይኖራል። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ድሬፐር የሚበልጥበት ሰፊ ማጨጃ አንዱ ጫፉ አፈር ሲነካ ሌላው ጫፉ ዛላውን ከአናቱ ይቆርጣል፤ ለከብቶቻችሁ የምትፈልጉት ገለባም ማሳው ላይ ቆሞ ይቀራል። ከቀበሌ ቀበሌ በምትዘዋወሩበት ጊዜም ሰፊውን ማጨጃ ፈትቶ በተሳቢ መጫን ግድ ይሆናል። በተጨማሪም ድሬፐሩ በቂ የሃይድሮሊክ ኃይል ይፈልጋል፣ ክብደቱም የፊት አክሱሉን ይጫናል፤ ስለዚህ ያገለገለ አነስተኛ ኮምባይነር ሊሸከመውና ሊያሽከረክረው መቻሉን በማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሳታረጋግጡ የደላላውን ቃል ብቻ አትመኑ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጥገናው ነው። የኦገር ጥምዝ ቢጎብጥ ወይም ጠርዙ ቢበላ ጅማ ከተማ ውስጥ ጎበዝ በያጅ ያስተካክለዋል፤ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ያቃኑታል፤ ኩሽኔታውም ቁጥሩ ከታወቀ ይገኛል። የድሬፐር ቺንጊያ ግን ጉቶ ሲቀደው በብየዳ አይመለስም። ጭቃና እርጥብ አረም ሲገባበት ይንሸራተታል ወይም ከመስመሩ ይወጣል፤ በክረምት መጋዘን ውስጥ ሲከርም ደግሞ አይጥ ይበላዋል። በአንድ የመኸር ወቅት የአንድ ቺንጊያ መቀደድ ማሽኑን ሲያቆመውና መለዋወጫው እስኪመጣ የደረሰው ስንዴ ያለ ወቅቱ በጣለ ዝናብ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ማሳ ሳስታውስ ዛሬም ያሳዝነኛል፤ በጅማ የኅዳር ዝናብ ቀጠሮ እንደማይሰጥ እርስዎም ያውቃሉ።

ዋናው ሰብላችሁ አኩሪ አተር ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለወጥ ነበር። አኩሪ አተር የታችኛውን ቆባ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚይዝና ሲደርቅም በቀላሉ ስለሚፈነዳ፣ ከሚባክነው ፍሬ አብዛኛው የሚረግፈው እዚያው ማጨጃው ላይ ነው። መሬቱን ተከትሎ የሚተጣጠፍ ቢላዋ ያለው ድሬፐር እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል። ለጥቂት ጥማድ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ያንን በእጅ ብታጭዱት ይሻላል።

በቆሎውን በተመለከተ ሁለቱም ማጨጃዎች አይሆኑም። በቆሎ አገዳውን ወደ ታች ስቦ የበቆሎውን ራስ የሚነጥል ለብቻው የተሠራ ማጨጃ ይፈልጋል። በቆሎ በብዛት የምትዘሩ ከሆነ ለድሬፐሩ ልትጨምሩ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለበቆሎ ማጨጃ ብታቆዩት እመርጣለሁ። በመስመሮች መካከል የምትተዉት ርቀት በተለመደው ምክር መሠረት 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በዚሁ ልክ የተሠራ ማጨጃ ፈልጉ፤ የመስመሩ ርቀት ካልገጠመ ማሽኑ አገዳውን እየጣለ ያልፋል።

ደላላው ስለ ብክነት የነገራችሁን ደግሞ በራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። አራት እንጨት አጋጥማችሁ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ማዕቀፍ ሥሩ። ኮምባይነሩ እያጨደ ሳለ አስቁሙትና ወደ ኋላ 5 ሜትር ያህል መልሱት፤ ከቆመው ስንዴ ፊት ለፊት ማጨጃው ብቻ ያለፈበትና ከኋላ የሚወጣው ገለባ ያልወደቀበት መሬት ይገለጣል። እዚያ ላይ ማዕቀፉን አስቀምጣችሁ የወደቀውን ፍሬ፣ በወደቀ ዛላ ውስጥ ያለውንም ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ ገና ባልታጨደው ስንዴ ውስጥም እንዲሁ ቆጥራችሁ በራሱ የረገፈውን ቀንሱ። የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት 36 ግራም ገደማ የሆነ ስንዴ በአንድ ካሬ ሜትር 280 ፍሬ ቢረግፍ በሄክታር 1 ኩንታል ማለት ነው። ከተለያየ ቦታ ቢያንስ አምስት ጊዜ ለኩ፤ አንድ ቦታ ብቻውን ያሳስታል።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማጨጃው ዓይነት ሳይሆን የአስተካከሉ ነው። ሪሉ ከማሽኑ ጉዞ በሩብ ያህል ብቻ ይፍጠን፤ ከዚያ በላይ ከፈጠነ ዛላውን እየመታ ያረግፈዋል፣ ከዘገየ ደግሞ ሰብሉን ወደ ፊት ይገፋዋል። በጥምዙና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት ለስንዴ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ስንዴው ከተጋደመ ማንሻ ጣቶችን በቢላዋው ፊት በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ግጠሙ።

ልትገዙ ስትሄዱ ልምድ ያለው ኦፕሬተር ይዛችሁ ሂዱ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ በእጃችሁ ሳለ ጥምዙን በእጅ አዙሩት፤ ቢንገጫገጭ ኩሽኔታው አልቋል። የጥምዙን ጠርዝ በጣት ዳስሱት፤ እንደ ቢላዋ ከሳለ በጣም ተበልቷል ማለት ነው። የወለሉን ብረት መሳሳት፣ የመሐሉን ጣቶች መጉበጥና የቢላዋውን ጥርሶች መጉደል ተመልከቱ። ከዚያም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ማሽኑ በቆመ ስንዴ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲያጭድ ጠይቁ፤ ማዕቀፉንም ይዛችሁ ሂዱ።