መልስ፦ ፉሪ ይፈነዳል ወይ? የላቫ ሙቀትስ በምን ይለካል?

ወንድሜ፣ ቤቴ ፉሪ ተራራ ሥር ነው፣ ይፈነዳል እንዴ ላልከው፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ፉሪም ወጨጫም የረርም እሳተ ገሞራ የነበሩት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ነው፤ እንቅልፍህን ተኛ። ፍልውሃም ቢሆን ላቫ (የቀለጠ ዓለት) ቀረበ ማለት አይደለም። በመሬት ስንጥቅ ወደ ጥልቁ የሰረገ ውሃ ሞቆ ሲመለስ ነው።

የላቫው ጥያቄህ ግን ደስ ይላል። በሜርኩሪ ቴርሞሜትር አይሞከርም፤ ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ይፈላል፣ የኤርታሌ ላቫ ደግሞ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ነው። የሚያዋጣው ቴርሞካፕል ነው፦ ጫፋቸው የተጋጠመ ሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች በመከላከያ ቱቦ ላቫው ውስጥ ይገባሉ፤ ሙቀቱ የሚፈጥረው ትንሽዬ ቮልቴጅ ወደ ዲግሪ ይለወጣል። ከሩቅ ሙቀትን በሚያይ ኢንፍራሬድ ካሜራም ይለካል፤ ችግሩ የሚያየው ላዩን ብቻ መሆኑ ነው። ላዩ ወዲያው ጠቁሮ ቅርፊት ስለሚይዝ፣ ቁጥሩ ከውስጡ ሙቀት በጣም ያነሰ ሊሆን ይችላል።