ወንድሙን አይጥ ሳታዩ አትፍረዱ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ለገጣፎ ቤቴ መጥታችሁ ስንጨዋወት ከመካከላችሁ አንዱ «ለአልዛይመር ምርምር የትኛው ትሬሰር ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶናው ቀርቦ ስለነበር በችኮላ መለስኩለት። ጥያቄው ግን ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ትሬሰር ማለት ራዲዮአክቲቭ አቶም የተሸከመ ሞለኪውል ነው። በደም ሥር ይገባል፤ አንጎል ውስጥ የሚፈልገውን ሲያገኝ እዚያው ይቀራል። ፔት ስካነር የሚባለው ማሽን ጨረሩን ተከትሎ የት እንደቀረ ያነባል። አንዳንዱ አሚሎይድ የሚባለውን የፕሮቲን ክምችት ይፈልጋል፤ እሱን ነው ፕላክ የምንለው። ሌላው ታው የተባለውን ፕሮቲን ይፈልጋል። ኤፍዲጂ የሚባለው ስኳር መሰል ትሬሰር ደግሞ ሴሎች ምን ያህል ስኳር እንደሚወስዱ ያሳያል። ሦስቱን አሰልፎ «የቱ ይሻላል» ማለት አይሆንም። የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። መወዳደር ያለባቸው አንድ ነገር የሚፈልጉት ናቸው።

የራሴን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ ውጭ አገር ላብ ውስጥ ስሠራ ፍሎሪን-18 በሚባል ራዲዮአክቲቭ አቶም የተሠሩ ሁለት የአሚሎይድ ትሬሰሮችን በአይጦች ላይ አወዳድር ነበር። በአንደኛው ትሬሰር፣ አልዛይመር መሰል ሕመም ያለባቸው አይጦች የአንጎል ቅርፊት ቦግ ብሎ ታየኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮጬ ለአለቃዬ አሳየሁ። እሳቸው ምስሉን ትንሽ አዩና «ጤነኞቹ ወንድሞቻቸውስ?» አሉኝ። ገና አልሠራኋቸውም ነበር።

በሳምንቱ ሠራኋቸው። ከአንድ እናት የተወለዱት ጤነኛ አይጦችም እኩል ቦግ አሉ። ለካ ፍሎሪኑ ከሞለኪውሉ ተላቆ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ፍሎራይድ አጥንት ይወዳል። ያበራው የራስ ቅሉ ነበር። የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ የሰው ከ1,300 ግራም በላይ ነው። በዚያች ትንሽ ቦታ ስካነሩ አጥንቱን ከቅርፊቱ አጥርቶ መለየት አይችልም። ያን ቀን የተሰማኝ ሀፍረት እስከዛሬ ይጠቅመኛል።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ፒብ የሚባለውን ትሬሰር ታውቁታላችሁ። በፒትስበርግ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተሞከረ። በሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድን ያሳየ ትልቅ ሥራ ነው። በአንዳንድ የአይጥ ዝርያዎች ግን አንጎላቸው በፕላክ ሞልቶ ሳለ ፒብ ምንም አላሳየም ማለት ይቻላል። የተጠየቀችው አይጧ ብቻ ብትሆን ኖሮ ያን የመሰለ ትሬሰር በጣልነው ነበር።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአይጧ ፕላክ ከሰው ፕላክ ጋር አንድ አይደለም፤ ፒብ አጥብቆ የሚይዝበት ቦታ እዚያ ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ ትሬሰር ሲሠራ ራዲዮአክቲቭ ያልሆኑ መንትያ ሞለኪውሎችም አብረውት ይመጣሉ። ከአያት የሚነሳው ታክሲ ወንበሩ ሞልቶ ከመጣ እኛ ቆመን እንቀር የለ? ልክ እንደዚያ ነው። መንትዮቹ ያለችውን ጥቂት ቦታ ቀድመው ይይዟታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን ተመራማሪዎች መንትዮቹ በጣም ያነሱበትን ፒብ ሲጠቀሙ የአይጦቹ ፕላክ ታየ። ስለዚህ «አልታየም» ስትሉ የለም ማለታችሁ እንዳይመስላችሁ።

የጊዜውንም ነገር አስቡበት። ፒብ የሚሠራበት ራዲዮአክቲቭ አቶም፣ ካርቦን-11፣ በ20 ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል። ከለገጣፎ ተነስታችሁ፣ መንገዱ ከተዘጋ፣ መገናኛ ሳትደርሱ ግማሹ አልቋል። ፍሎሪን-18 ግን በግማሽ ለመቀነስ ወደ 110 ደቂቃ ይፈጅበታል። በተለያየ ሰዓት የተነሱ ምስሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ግፍ ነው።

ብርድም ያሳስታል። የእኛን ሰፈር ሌሊት ታውቁታላችሁ። ኤፍዲጂ የተወጋች አይጥ ከበረዳት ሙቀት የሚያመነጨው ቡናማ ስብ ስኳሩን ይሻማል። ማደንዘዣውና ከመርፌው በፊት የበላችው ምግብም የአንጎሉን ቁጥር ይለውጣሉ። እነዚህን በማስታወሻ ደብተራችሁ ካልጻፋችሁ በኋላ ማንም አያስታውስላችሁም።

«እኛ ማሽኑ የለንም» ያለችኝን ልጅም አልረሳኋትም። ልጄ፣ ምስል መተንተን ላፕቶፕና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የትኛው አይጥ ታማሚ እንደሆነ ጓደኛሽ ይደብቅብሽ፤ አንቺ የምትለኪውን ቦታ አስቀድመሽ አስምሪ። ከዚያ በኋላ ስሙ ይገለጥ። እኔ ይህን የተማርኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው አጥር ለአጥር ስለምንገናኝ እናት ነው። ሰው «ጃጁ» ይላቸዋል። በየጠዋቱ በር ላይ ቆመው ልጃቸውን ይጠብቃሉ፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች። አንድ ቀን ለእሳቸው ዓይነቱ ሰው መድኃኒት ሲሞከር፣ ሠርቷል አልሠራም የሚባለው ከእነዚህ ምስሎች ተነስቶ ይሆናል።

ቅዳሜ ስትመጡ ያሰባችሁትን ንጽጽር ይዛችሁ ኑ። የጤነኞቹን አይጦች ገጽ መጀመሪያ ላይ አድርጉልኝ።